የቨርና ግራ ጆሮና የደወለኛው ባዶ ፊኛ

ሐሜት ቦታ ይመርጣል። በኦሃዮዋ ቶሊዶ ከተማ፣ ከላግሬንጅ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው የኤልመር ሳቦ የኮሚክ ሱቅ ውስጥ ኤልመርን ማማት የፈለገ ከበር ውጭ ይወጣል፤ የኤልመርን ሚስት ማማት የፈለገ ከናካቴው ሰፈር ይቀይራል። ቨርና ኩቢያክን ማማት ያሰኘው ግን አንድ እርምጃ ወደ ግራዋ ጠጋ ማለት ብቻ ይበቃዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የቨርና ግራ ጆሮ ደግሞ ከባዳም ባዳ ነው። በሰባት ዓመቷ ጆሮ ደግፍ ይዟት ሰነበተና፣ ሲሄድ ባዶ እጁን አልሄደም።

ስለዚህ በዚያ ሱቅ «ለቨርና ግራ ነገርኩት» ማለት «ምስጢሩን ቀበርኩት» ማለት ነው። ደንበኞቹ ይህ ብልኃት የማይታወቅባቸው ይመስላቸዋል። ቨርና ግን ከነቃችባቸው አርባ ዓመት ሆኗታል፤ በግራዋ የተባለውን በቀኟ ከቆመው ሰው ፊት ላይ ታነበዋለች። ባለቀኙ ከሳቀ ሐሜቱ ጥሩ ነበር ማለት ነው። ካፈረ ግን የተናጋሪውን ስም ትይዝለታለች።

አዲስ ኮሚክ፣ ያ በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ የሚወጣው ረቡዕ ነው። ኤልመር ጠዋት ካርቶኖቹን ይቀድና የየቋሚ ደንበኛውን ድርሻ ስሙ በተለጠፈበት ሳጥን ውስጥ ያኖርለታል። የቨርና ሳጥን ከሁሉም ፊት ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። ባንኮኒው አጠገብ ካለችው ከፍ ያለች ወንበር ላይ ትወጣና፣ ቋሊማ የገባበት ዳቦዋን በአንድ እጇ፣ ኮሚኳን በሌላው ይዛ ማንበብ ትጀምራለች።

«እጅሽን!» ይላል ኤልመር ቅባቱን እያየ።

«ዓይንህን!» ትለዋለች፣ ከገጹ ቀና ሳትል።

አንብባ ስትጨርስ ሱቁ ጸጥ ይላል። ፍርዷ ሁልጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ «ይሁን»፣ «ይብቃ»፣ አለዚያም «ደራሲው እናቱን ይቅርታ ይጠይቅ»። ሦስተኛው ከተባለ፣ ያንን ኮሚክ አንሥቶ የነበረ ሁሉ ማንም እንዳላየው ሆኖ መደርደሪያው ላይ ይመልሳል። ሰው ይህን ያህል የሚያምናት ግን በምላሷ ርዝመት አልነበረም፤ «ሳላነብ አልፈርድም» የምትል ሕግ ስለነበረቻት ነው። ያቺን ሕግ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ጣሰቻት። አንዷም ጊዜ በቂ ሆነች።

ነገሩ የመጣው በደወለኛው ነው። ደወለኛው ደወል ከሚሠራበት ፋብሪካ የወጣ፣ በነሐስ መዶሻ የሚዋጋ የኮሚክ ልዕለ ጀግና ነው፤ መዶሻውን ሲያሳርፍ ድምፁ ግንብ ይንዳል። ቨርና በልጅነቷ ከአራቱ ወንድሞቿ እየሰረቀች ታነበው ነበር እንጂ ያን ያህል አልወደደችውም። ያው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ የመስታወት ፋብሪካ ሠራተኞች በሞሉበት ቤታቸው ብርቅ አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት ግን ቁጥር አንድ መቶ አርባ ሰባት ወጣ። በዚያ እትም ደወለኛው ከተማዋን ሊውጥ የመጣውን ጎርፍ ለመመለስ ትልቁን ደወል በገዛ እጁ መታ። ጎርፉ ተመለሰ። የደወለኛው ግራ ጆሮ አልተመለሰም።

ቨርናን የያዛት ከዚያ ቀጥሎ ያለው ገጽ ነው። ኮሚክ ላይ ሰው ሲናገር ከአፉ አጠገብ ጅራት ያላት ነጭ ፊኛ ትሣላለች፤ ንግግሩም እዚያ ውስጥ ይጻፋል። በዚያ ገጽ ላይ የደወለኛው ሚስት በግራው ቆማ ትናገራለች። ፊኛዋ አለች፤ ጅራቷም አለች። ውስጧ ግን አንድም ፊደል የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደወለኛው ግራ የሚናገር ሰው ሁሉ፣ ወዳጅም ይሁን ጠላት፣ ፊኛው ባዶ ሆኖ ቀረ።

ቨርና ያን ጊዜ ሕዝብ ልብስ በሚያጥብበት ቤት ቁጭ ብላ ነበር። ማሽኑ ልብሷን አጥቦ፣ ጨምቆ፣ ቆሞ፣ አንዲት ሴትዮ «ካልተነሣሽ እኔ አወጣዋለሁ» እስክትላት ድረስ ገጹን ታይ ነበር። እናቷ አልቅሳ፣ ሐኪሙ በወረቀት ሥሎ፣ መምህሯ «ደንቆሮ» ብላ ከኋላ ወንበር አስቀምጣት፣ አንዳቸውም ያልገባቸውን ነገር አንድ የማታውቀው ሠዓሊ በአንዲት ባዶ ክብ አስቀምጦታል።

በሳምንቱ ያንኑ እትም በብብቷ ይዛ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለመንዳት ሥራ ልትጠይቅ ሄደች። የማመላለሻው ኃላፊ ወፍራም ሰውዬ ነበር፤ የሕክምና ወረቀቷን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ልጆቹ በግራሽ በኩል ቢያስቸግሩስ?»

«ሹፌር የሚቀመጠው በግራ ነው፤ ልጆቹ ሁሉ በቀኜ ናቸው። በግራዬ ያለው መስኮት ነው፤ እሱ ደግሞ አያስቸግርም» አለችና ኮሚኩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። «ይኸውልህ፣ ይሄ ሰውዬ በአንድ ጆሮ ከተማ ያድናል። እኔ በአንድ ጆሮ ስድሳ ሕፃን ትምህርት ቤት ማድረስ ያቅተኛል?»

«ይሄ እኮ ሥዕል ነው፣ እመቤት።»

«ሥዕሉ ሠርቶ ያድራል። አንተስ?»

በዚያ ቀን አባረራት። በሁለተኛው ቀንም አባረራት። በሦስተኛው ቀን ምሳው በሰላም እንዲበላለት ሲል ቀጠራት። ሠላሳ አራት ዓመት ነዳች፤ አንድ ልጅ አልጣለችም፣ አንድ ስድብም ሳትመልስ አላለፈችም።

ያ እትም ከወጣ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ኤልመር አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። አሳታሚው ደወለኛውን በአምስት መቶ አሥራ ሁለተኛው እትም ሊዘጋውና እንደ አዲስ ከቁጥር አንድ ሊጀምረው ነው። ያለፈው ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። መዶሻውን የምታነሣው ኢኔስ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ለቅምሻ የተለቀቁት አምስት ገጾች በኤልመር ኮምፒውተር ላይ ነበሩ።

ሱቁ ተንጫጫ። መድኃኒት ቤት የሚሠራው ሎይድ፣ ሣጥኖቼን በቁጥር ደርድሬ አሁን አንድን ከአምስት መቶ አሥራ ሁለት በኋላ እንዴት አድርጌ ላስቀምጥ ነው ብሎ ልቅሶ ተቀመጠ። ጋሬት የሚባለው፣ ከእናቱ ቤት ምድር ቤት ሆኖ ስለ ኮሚክ በቪዲዮ የሚለፈልፈው ጎረምሳ ደግሞ በቁጥሩ አልነበረም የነደደው።

«ሴት!» ይላል። «ደወለኛው ሴት! ነገ ደግሞ ፈረሱን ላም ያደርጉታል!»

«ደወለኛው ፈረስ የለውም» አለ ኤልመር።

«ለምሳሌ ነው ያልኩት!»

ቨርና አንዱንም አልሰማችም፤ ሁሉም በቀኟ ቢሆኑም እንኳ። ሦስተኛውን ገጽ እያየች ነበር። ኢኔስ መንገድ ላይ ቆማለች፤ አንድ ሽማግሌ በግራዋ በኩል ይጠራታል፤ ፊኛው በፊደል ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጅቷም ዞር አለች። ከሥሩ የአሳታሚው ማስታወቂያ «ያለ አሮጌ ቁስል፣ ያለ አሮጌ ሸክም!» ይላል።

«ሸክም» አለች ቨርና። «ሸክም ነው አሉት?»

ጋሬት ስልኩን አውጥቶ ወደ ፊቷ አስጠጋ። «ሚስ ቨርና፣ አንቺ አርባ ዓመት ያነበብሽ ሰው ነሽ። እኔ ብጮህ ልማዱ ነው ይሉኛል፤ አንቺ ብትናገሪ ግን ይሰማሉ። በይ፣ ንገሪያቸው!»

ደሟ ፈልቷል። ሕጓ ትዝ ሳይላት ቀረ። «ይህን መጽሐፍ እቤቴ አላስገባውም!» አለች። «ሌቦች ናቸው! የኔን ሰው ሰርቀውኛል!» አለችና ከሳጥኗ ላይ ስሟ የተጻፈበትን ወረቀት በጥፍሯ ልጣ አነሣችው።

ጋሬት ሌሊቱን ቪዲዮውን ሲቆርጥና ሲቀጥል አደረ መሰለኝ። ጠዋት ላይ ሲወጣ፣ መጀመሪያ እሱ «ሴት ደወለኛ ትቀበላላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ቨርና «እቤቴ አላስገባውም!» ትላለች። ስለ ጆሮ አንድ ቃል የለም። ወሬው ከቶሊዶ ወጥቶ አገር አዳረሰ። ማታ ላይ፣ በልጅነቷ በቨርና አውቶቡስ የተመላለሰችው፣ አሁን ነርስ የሆነችው ዴልያ ደወለችላት።

«ሚስ ቨርና፣ እኔንም ሴት ስለሆንኩ ከአውቶቡስሽ ልታወርጂኝ ኖሯል?»

ቨርና ለምላሽ አፏን ከፈተች፤ ምላሽ አጣች። በሕይወቷ ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር ይላሉ። የመጀመሪያውን የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም።

ቁጥር አንድ በሚወጣበት ረቡዕ የአዲሱ ደወለኛው ደራሲ ማርሎ ቬንቹራ በኤልመር ሱቅ ለአንባቢዎች ኮሚካቸው ላይ ሊፈርም መጣ። በዋዜማው ኤልመር ለቨርና ደወለ።

«ቨርና፣ እህቴ፣ ነገን እንኳ እቤትሽ ብትውዪ? ሰውየው እንግዳ ነው። ቪዲዮውን አይቶታል። ሱቄ ውስጥ ጠብ…»

«ኤልመር፣ ስልኩን ወደ ግራ ጆሮዬ አዙሬዋለሁ» አለችና ቀጥል ብላ ተወችው። ኤልመር ለሩብ ሰዓት ያህል ማንም ሳይሰማው ሲለምን ቆየ።

በማግስቱ ስትገባ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር። ደራሲው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ። ጋሬት ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ቨርና በሰልፉ አጠገብ አልፋ፣ ከመደርደሪያው ቁጥር አንድን አንሥታ፣ ወንበሯ ላይ ወጣች። ዳቦ አልያዘችም። ኤልመር ይህን ሲያይ ነገሩ የምር መሆኑ ገባው።

ሃያ አራቱንም ገጽ አነበበች። ኢኔስ መዶሻውን ከሙዚየም ሰርቃ ወጣች፤ ደረጃ ላይ ጣለችውና የገዛ እግሯን ቀጠቀጠች። ቨርና ሳቀች። ኢኔስ እያነከሰች ከሦስት ወሮበሎች ጋር ተጋጠመች። ቨርና እንደገና ሳቀች። ዘጋችው። ሱቁ ጸጥ አለ።

«ልጅቷ ትሁን» አለች።

«ምን?» አለ ጋሬት።

«ሁለት ጆሮ ይዘህ አልሰማህም? ልጅቷ ትሁን አልኩ። ሴት ስለሆነች ጠላኋት ብለህ አስወርተህብኛል። እኔ ያንን አውቶቡስ ሠላሳ አራት ዓመት ስነዳ ሴት ነበርኩ፤ ወንድ ሆኜ የነዳሁበት ቀን ካለ እስቲ ቆርጠህ አውጣው።»

ሰልፉ ሳቀ። ዴልያም ከኋላ ቆማ ኖሮ ሳቀች። ቨርና ግን አልሳቀችም።

«ያጠፋሁትን ደግሞ በአፌ እናገራለሁ። ሳላነብ ፈርጃለሁ። ይህ ነውር ነው፤ አርባ ዓመት ሌላውን ስሰድብበት ኖሬ እኔው ሠራሁት። አሁን ግን አንብቤያለሁ፤» አለችና ከወንበሯ ወርዳ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነውን ቁጥር አንድ መቶ አርባ ሰባት ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ ደራሲው ሄደች። ሰልፈኛው መንገድ ለቀቀላት።

ደራሲው ብድግ አለ። «እርስዎ… ቪዲዮው ላይ ያሉት እመቤት ነዎት?»

«ግማሹ ነኝ። ሌላውን ግማሽ ጋሬት በልቶታል። ስማ ልጄ፣ ጆሮዋን ምን አደረግኸው?»

«የ… የማንን ጆሮ?»

«የኢኔስን። በግራዋ ጠሯት፤ ሰማች።»

«አዎ፣ ያ እንኳ» አለ ፈገግ ብሎ፣ ይህን ጥያቄ የለመደው ይመስል። «እንደ አዲስ ስንጀምር የድሮውን ጉዳት ሁሉ አዳንነው። አዲስ አንባቢ እንዳይከብደው።»

«ማን ታሞ ነበር?»

ልጁ እንደ ማንኛውም ፈራሚ እጁን ወደ ሥራው ሰደደ፤ ኮሚኩን ከእጇ ተቀብሎ ከፕላስቲኩ አውጥቶ ገለጠው። ፈራሚዎች ሁሉ አንድ ልማድ አላቸው፤ ብዕራቸው ከሥዕሉ መካከል ነጭ ቦታ ይፈልጋል። የማርሎ ቬንቹራም ብዕር ፈልጋ አገኘች። በደወለኛው ሚስት አፍ አጠገብ ካለችው ባዶ ፊኛ ላይ ልታርፍ አንድ ጣት ያህል ሲቀራት፣ ሠላሳ አራት ዓመት መሪ የያዘ እጅ የእጁን አንጓ ጨመደደው።

«እዚያ አይጻፍም!»

«ይቅርታ፣ ባዶ ስለሆነ ነው…»

«ባዶ የተደረገው ታስቦበት ነው! አንተ ልጅ፣ ይህን እትም አንብበኸዋል?»

ደራሲው ኤልመርን አየ። ኤልመር ጣሪያውን አየ።

«ማጠቃለያውን አንብቤያለሁ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ሰልፉ «ኧረ!» አለ በአንድ አፍ። ሎይድ ደረቱን ያዘ። ጋሬት እንኳ ለአንድ አፍታ ከቨርና ጋር ወገነ። ቨርና ግን ያልተጠበቀ ነገር አደረገች፤ አልተሳደበችም። አንጓውን ለቀቀችውና ወደ ወንበሯ አመለከተችው።

«እንግዲያው የሁለታችንም ጥፋት አንድ ነው፤ ሳናነብ ፈርደናል። እኔ ያንተን አነበብኩ። አሁን አንተ የኔን አንብብ። ውጣ፣ ተቀመጥ።»

«አሁን? ሰልፉ…»

«ሰልፉ ይጠብቃል» አለች ዴልያ ከኋላ።

ማርሎ ቬንቹራ የቨርና ወንበር ላይ ወጣ። ባንኮኒው ላይ አንድ ሰው የረሳው ብስኩት ነበር፤ እጁ ሳያስበው ወደዚያ ሲሄድ ኤልመር «እጅህን!» ብሎ ጮኸበት። ጎርፉ ጋ ደረሰ። ደወሉ ጋ ደረሰ። ቀጣዩን ገጽ ገለጠና እዚያው ቆመ። አንድ ጊዜ ወደፊት ሊገልጥ ሲል እንደገና ተመለሰበት።

በመጨረሻ ወረደ። ወደ ቨርና መጣ፤ በቀኟ ሳይሆን ዞሮ በግራዋ ቆመና አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ በሱቁ ውስጥ ሰባት ዓይነት ወሬ አለ፤ ሰባቱንም ሰምቻለሁ፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ቨርና አልዞረችም። እንደ ልማዷ በቀኟ የቆመውን ኤልመርን አየች። ኤልመር አልሳቀም፣ አላፈረም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ነበር። በቃት። ምን እንደተባለች አልጠየቀችም።

ከዚያ ልጁ ወደ ቀኟ ተሻገረ። «ቃል ልገባልዎ አልችልም፤» አለ። «ከላይ አለቆች አሉ። አይሰሙም።»

«ምናልባት በግራቸው ቆመህ ይሆናል። ወደ ቀኛቸው ዙር።»

«የትኛው ገጽ ላይ ልፈርምልዎ?»

«የትም አትፈርም። የማይሰማውን ጆሮዋን ስትመልስ ትፈርማለህ» አለችና ኮሚኳን ወደ ፕላስቲኩ መልሳ ወጣች።

ጋሬት የቀረጸውን ሁሉ ለቀቀው፤ «እብዷ አሮጊት ደራሲ አስጨነቀች» የሚል ርእስ ሰጥቶት። ሰው እንዲስቅባት ነበር። ቨርና ግን በማግስቱ በነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ጅራት ያላት ፊኛ ሣለች፤ ውስጧን ባዶ ተወችው፤ ከሥር «ቨርና ኩቢያክ፣ ቶሊዶ፣ ኦሃዮ» ብላ ጻፈችና ወደ አሳታሚው፣ የአንባቢያን ደብዳቤ ወደሚታተምበት ክፍል ላከችው። በቀጣዩ ወርም ላከች። ዴልያ ላከች። ሎይድ ሥዕል ስለማይችል የቡና ኩባያ ደፍቶ ዙሪያውን አሠመረና ላከ። ቪዲዮውን ያዩ፣ በአንድ ጆሮ የሚሰሙ፣ በሁለቱም የማይሰሙ፣ ጆሯቸው ደኅና ሆኖ ነገሩ የገባቸው ሰዎች ከየአገሩ ይልኩ ጀመር። አሳታሚው ቤት ውስጥ የሆነ ሰው ባዶ ፊኛ ሲከምር ይውላል ተባለ።

በአምስተኛው እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ «እኅቴ አነበበችው፣ በጣም ወደደችው» ከሚሉት ደብዳቤዎች መካከል አንዲት ባዶ ፊኛ ወጣች። ከሥሯ «ቨርና ኩቢያክ፣ ቶሊዶ፣ ኦሃዮ»። ማብራሪያ የለም፤ መልስም የለም። ኢኔስ ግን በዚያም እትም በሁለቱም ጆሮዋ ትሰማለች።

በዚያ ረቡዕ ቨርና ስትገባ ኤልመር ጥርሱን እያሳየ ጠበቃት። ሳጥኗ ላይ ስሟን በአዲስ ወረቀት ለጥፎ፣ አምስተኛውን እትም ውስጡ አስቀምጦላታል። ቨርና ስሟን አየችው። ጥፍሯን ከወረቀቱ ሥር አስገብታ ቀስ ብላ ላጠችው።

«ኧረ ቨርና! ታትሞልሽ!»

«ደብዳቤዬን አወቅሁት። ጆሮዋን ግን አላየሁም። ጆሮው ሲመለስ ስሜም ይመለሳል።»

«ካልገዛሽ ታዲያ ረቡዕ ረቡዕ ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ?»

«ላነብ ነዋ። ሳላነብ አልፈርድም» አለችና እትሙን ይዛ ወንበሯ ላይ ወጣች። ዳቦዋን ፈታች።

«እጅሽን!» አለ ኤልመር።

በዚህ መሐል ጋሬት ከኋላ መጥቶ በግራዋ ቆመና አንድ ነገር አጉተመተመ። ቨርና ከገጹ ቀና ብላ ኤልመርን አየችው። የኤልመር ፊት እንደ ቆመ ሰዓት ነበር።

«አላሳቀህም» አለችው ኤልመርን። ከዚያ፣ ሳትዞር፣ ገጹን እየገለጠች፣ «ጋሬት፣ ወንድ ከሆንክ ዙርና በቀኜ ድገመው» አለች።

ጋሬት አልዞረም።